የባለጥርሱ የመጨረሻ ማርሽ

የሞተ ሰው ያጠበቀው ብሎን ሕያው ልጅ ይሸከማል ወይ?

አያትየዋ ይህን ማንንም አልጠየቀችም፤ ማንስ ሊመልስላት? ብሎኑን ያጠበቀው ባሏ ነው፤ ከሞተ ሰነበተ። ልጅቷ የልጇ ልጅ ናት፤ አሁን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ ጎማ ትነፋለች። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ማርሽ ነው። ሟቹ በዚሁ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሞርሳው ፊት ተቀምጦ የሠራው የመጨረሻው ማርሽ፣ ክብ የብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ በባለ ሁለት ኮርቻው ብስክሌት የኋላ ጎማ እምብርት ላይ ተቀምጧል። ብስክሌቱ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ግድግዳውን እንደተደገፈ ነው። አቧራውን እሷ ትጠርጋለች፤ ሌላ ሰው ሲነካው ግን አንጀቷ አይወድም።

ነገሩን ያመጣው ፖስተኛው ነበር። ብስክሌተኞች «ፍሬን-የለሽ» ይሉታል፤ ድሮ አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ተበጥሶበት፣ ደብዳቤውን ከተጻፈበት ቀን በፊት አደረሰው እያሉ ይቀልዱበታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከተራራው ማዶ ላሉ ሰዎች ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረ። ሲገባ እንደ ልማዱ አልቀለደም። በጨው ሜዳው መሃል ያለችው ባለ አንድ ጉድጓድ መንደር ውሃዋ ቆመ አለ። ጉድጓዱ ጥልቅና ጠባብ ስለሆነ ባልዲ አያስገባም፤ ውሃ የሚወጣው ሰው እንደ ብስክሌት ተቀምጦ ፔዳል በሚረግጥበት ፓምፕ ብቻ ነው። ያን ፓምፕ ሲያዞር የኖረው የሟቹ ማርሽ ተሰበረ። ከገበያ የመጣው ምትክ ገና አንድ በርሜል ሳይሞላ ጥርሱን አራገፈ። የመኪናው መንገድ በናዳ ተቀብሯል። ሰዎቹ የቀረቻቸውን ውሃ በስኒ መስፈር ጀምረዋል፤ እሷ ስታልቅ አዛውንትና ሕፃን ይዘው ጨዉን በእግራቸው ሊያቋርጡ ነው፤ ስንቱ እንደሚሻገር እግዜር ይወቀው። ፖስተኛው ይህን ሁሉ ሲናገር የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር፣ ግድግዳው ጋ ያለውን ብስክሌት ላለማየት።

ሟቹን ብስክሌተኞች «ባለጥርሱ» ይሉት ነበር፤ በራሱ አፍ ውስጥ የቀረው ጥርስ ግን ለምልክት ያህል ነበር። የሌላው ሰው ማርሽ አቧራ ሲቀምስ ያስነጥሳል፣ ውሃ ሲገባው ይዝጋል፣ ዳገት ሲያይ ጥርሱን ይተፋል። ባለጥርሱ የራሱን ማርሽ ለሰው ከመስጠቱ በፊት ግቢው ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ያከርመው፣ አሸዋ አጉርሶ ያስፈጨው፣ በሚስቱ ድስት በጨው ውሃ ይቀቅለው ነበር። ስንት ድስት እንደፈጀባት እሷ ታውቃለች። «ዳገት ላይ የሚሰበር ነገር የሠራ ሰው፣ ሰውየውን በእጁ እንደ ገፋው ነው» ይላት ነበር፣ ስትቆጣው። መንገድ ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ብስክሌተኞች ሲገናኙ፣ ዓይናቸው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነበር፤ ያ ክብ ሣጥን ካለ ዳቦ ተካፍለው ይለያያሉ። የቀብሩ ዕለት ከየአቅጣጫው መጥተው መንገዱን ሞሉት። ማንም ንግግር አላደረገም። ብስክሌቶቻቸውን ገልብጠው በመቀመጫቸው አቆሙና፣ ሬሳው ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎማቸውን በእጃቸው አሽከረከሩ። መንገዱ በሙሉ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ስታስበው ክንዷን ይወራታል።

ልጅቷ የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ናት። ፖስተኛው ሳይጨርስ ተነሥታ የብስክሌቱን ጎማዎች በጣቷ እየተጫነች መፈተሽ ጀምራ ነበር። አያትየዋ ያልደረደረችው ምክንያት የለም። ማርሹ ተፈትቶ በጆንያ ቢሄድስ? በምን ብስክሌት ተጭኖ፣ አለች ልጅቷ፤ ተራራው መሃል ሌላው ብስክሌት ሲሰበር ጆንያ ተሸክሞ በእግር መሄድ ነው፤ እስከዚያ ሰዎቹ ይጠማሉ። ዝናብ ቢመጣስ? አውሬስ? ወገብሽስ? ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት ደግሞ ለብቻ ዳገት አይወጣም፤ ፖስተኛው የራሱ ብስክሌትና ከረጢት አለው፤ የኋላውን ፔዳል ማን ይረግጥልሻል?

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። የኋላው ኮርቻ የተሠራው በአያትየዋ ቁመት ልክ ነው። አያትየዋ ለረጅም ጊዜ አጉተመተመች፤ የሞቀ ሹራብ ፈለገች፤ የጉልበት ቅባት ፈለገች፤ በመጨረሻም ቀሚሷን ከውስጥ በሱሪ አጠናክራ ወጣች።

በሩ ላይ ሰብሳቢው ቆሞ ነበር። ይህ ሰው የባለጥርሱ ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢ ነው፤ ፈርጣማ፣ ንጹሕ፣ ብስክሌቱን ከሚስቱ አስበልጦ ያጥባል የሚባልለት። ለሟቹ መታሰቢያ አንድ አዳራሽ አሰናድቷል፤ ሽርጡ፣ ሞረዱና ፎቶግራፉ በየቦታቸው አሉ፤ መሃል ላይ ግን ከላይ መብራት የተደረገለት ባዶ የመስታወት ሣጥን አለ። ለመጨረሻው ማርሽ ነው። በየጊዜው እየመጣ ሲለምናት «አስብበታለሁ» ትለው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሐሳቧ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር። መስታወት ውስጥ ያለ ነገር አይሰበርማ።

«እማማ፣ የጌታዬን የመጨረሻ ሥራ ጭቃ ውስጥ ሊከቱት ነው?» አላት።

«ሰው ተጠምቷል፣ ልጄ።»

«ሌላ መላ ይፈለግላቸው። ይሄ ከሄደ ግን ሌላ የለም።»

እሷም የምትፈራው ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ፔዳሉን ረገጠች፤ የአያትየዋም እግር ሳታዝዘው አብሮ ዞረ።

ደኑ ውስጥ መንገዱ ወዲያው ሽቅብ ነው። ሥር ተጋድሞበታል፣ ድንጋይ አግጥጦበታል። ፖስተኛው ከፊት እንደ ሸረሪት እየተቆላለፈ ይወጣል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጀርባ ብቻ ስለሆነ አያትየዋ መጠየቋን አላቋረጠችም።

«ከፊት ምን አለ?»

«መንገድ።»

«ከመንገዱ ቀጥሎስ?»

«መንገድ፣ እማማ።»

ዳገቱ ሲጠና ልጅቷ ማርሹን ዝቅ አደረገችው። ያኔ አያትየዋ ከጎማው እምብርት አንዳች ነገር በአጥንቷ በኩል ሲመጣ ተሰማት፤ ድምፅ አይሉት፣ እንደ ድመት ጉሮሮ ያለ ቀስ ያለ ንዝረት። ለሕፃን ምግብ እንደሚያደቁት ሁሉ ማርሹ ያን ግድግዳ የመሰለ ዳገት አድቅቆ አድቅቆ ለጉልበቷ አቀረበላት። ዛፎቹ ቁልቁል ይሄዱ ጀመር። ዕድሜዋን ሁሉ ማርሽ ሲሠራ አይታለች፤ ማርሽ ሲሠራላት ግን ከሱ ሞት በኋላ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጉልበቴ ለምን አልከዳኝም ብላ ደግሞ ትጨነቅ ጀመር።

ከደኑ በላይ፣ ራቁቱን በቆመው ጫፍ ላይ፣ በረዶ ጠበቃቸው። ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቆረና መጀመሪያ ነፋሱ መታቸው፤ ብስክሌቱ እንደ ጥጃ ወደ ጎን ዘለለ። ከዚያ በረዶው መጣ። ድንጋዩን ይቀጠቅጣል፣ የራስ ቁሩን ይደበድባል፣ ጣት ያደነዝዛል። ፖስተኛው ከረጢቱን በሆዱ አቅፎ ጎንበስ ብሎ ነዳ። ቢቆሙ ብርዱ ይገላቸዋል፤ መንገዱ ነጭ ሆኖ ከገደሉ አይለይም። ልጅቷ ነጩ የጎረበጠበትን እየተከተለች፣ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ ወደ ማዶው አሳለፈቻቸው። ከማርሹ ሣጥን ላይ በረዶው እየቀለጠ ይተን ነበር። ከኋላቸው ያ ጥቁር ደመና ተራራው ላይ እንደተኛ ቀረ፤ ማንም ልብ አላለውም። ሰው የወጣበትን ችግር ዞሮ አያይም።

ከሰብሳቢው በስተቀር። እሱ ብቻውን፣ በዚያው በረዶ ውስጥ፣ የእነሱን የጎማ ፋና ይዞ ይከተላቸው ነበር።

የማዶው ቁልቁለት ቁጥቋጦ የበዛበት ነው። ፖስተኛው የዱር ውሾች እዚህ እንደሚውሉ ያውቅ ነበር፤ አሮጊቷን ላለማስደንገጥ ብሎ አልተናገረም። መጀመሪያ አንዱ ከቁጥቋጦው ወጣ፤ ጆሮው ክብ፣ ጎኑ ዝንጉርጉር። አልጮኸም። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግራና ቀኙ ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ልቀቂው!» አለ ፖስተኛው፤ ከእሱ የሚጠበቅም ይኸው ነው።

ልጅቷ ፍሬኑን ለቀቀችው። ብስክሌቱ ተወረወረ። አየሩ ጆሯቸው ላይ አፏጨ፣ ጠጠሩ ተፈናጠረ፣ ቁጥቋጦው ቀልጦ አረንጓዴ መስመር ሆነ። ውሾቹ ግን አይቸኩሉም፤ እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ። ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ አጭር አቀበት አለ፤ የሸሸ ሁሉ ፍጥነቱን የሚጥለው እዚያ ነው።

አቀበቱ መጣ። ብስክሌቱ ከበደ። «ልቀይር ነው፣ አትርገጪ!» ብላ ልጅቷ ጮኸች። ማርሽ ሲቀየር እግር ለቅጽበት መላላት አለበት፤ ጥርስ ከጥርስ የሚለዋወጠው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ያን ጊዜ አጥብቆ የረገጠ ሰው የማንንም ማርሽ ጥርስ ያራግፋል። አያትየዋ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ነገር ግን አንድ ትንፋሽ ከቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ሞቃት ሆኖ ተሰማትና፣ እግሯ የሷ መሆኑ ቀረ። ባላት ኃይል ሁሉ ረገጠች።

ቀጭ አለ። ተሰበረ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

አልተሰበረም። ማርሹ ያን ሁሉ ክብደት እንደያዘ ጥርስ ለጥርስ ተለዋውጦ ያዘ፤ ብስክሌቱም ከኋላው እንደተገፋ ዘሎ አቀበቱን ወጣ። ፖስተኛው ከላይ ሆኖ ድንጋይ እያነሣ ወረወረ፤ መሪው ውሻ ተመታና ሸሸ፤ ሌሎቹም ነገሩ አላዋጣቸውም መሰለኝ፣ ቆመው አዩአቸው።

ሲያርፉ አያትየዋ እጇን ትኩሱ ሣጥን ላይ አኖረች፤ አላነሣችውምም። ባሏ ያን ጊዜ፣ ገና ወጣቶች ሳሉ፣ እያንዳንዱን አዲስ ማርሽ መጀመሪያ የሚያስነዳው እሷን ነበር። ለምን እኔን፣ እኔ ፈሪ ነኝ፣ ዳገት ሳይ እደነግጣለሁ፣ ያለ ጊዜው እረግጣለሁ ትለው ነበር። በደነገጠች ቁጥር ጥርስ ይረግፋል፤ እሱም አንድም ቀን ሳይቆጣት ሣጥኑን ከፍቶ ያንኑ ጥርስ እንደገና ይሠራ ነበር፤ ወፈር ያደርገዋል፣ ጫፉን ያከበዋል። ለማሾፍ ይመስላት ነበር። «የደነገጠ ሰው እግሩን አይሰማም» ብሎ አንድ ጊዜ ነግሯታል፤ «ማርሹ ለደነገጠ ሰው መሠራት አለበት።» እነዚያ ሁሉ ፖስተኞች፣ ወታደሮች፣ አዋላጆች በየበረሃው ነፍሳቸውን በአደራ የሰጡት ጥርስ የተቀረጸው በእሷ ፍርሃት ልክ ነበር። 

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሸለቆው ውስጥ ገቡ። ግራና ቀኙ ቀይ ገደል፣ መሃሉ ደረቅ የወንዝ አሸዋ። መውጫው ወደ ታች ራቅ ብሎ ገደሉ ላይ የተፈለፈለ ጠባብ አቀበት ነው፤ ከሱ ወዲያ ጨው ሜዳው ይጀምራል። ፖስተኛው ከረጢቱን ተንተርሶ አንቀላፋ። ልጅቷ መውጫው በናዳ አለመዘጋቱን ለማየት በእግሯ ሄደች። አያትየዋ ጥላው ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ተጋደመች፤ የተኛች ትመስላለች እንጂ እንቅልፍ የት አባቱ።

ሰብሳቢው ሲመጣ ዓይኗን በስሱ ገለጥ አድርጋ አየችው። ጫማውን አውልቆ በአሸዋው ላይ እንደ ድመት መጣ። ፊቱ በበረዶ ተገርፎ ቆስሏል። ብስክሌቱን ቀስ አድርጎ ገለበጠ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ካቴናውን አላቀቀ፣ የኋላውን ጎማ ከነማርሹ አወጣ። አንገቱን ደፍቶ ሣጥኑን በመሃረብ ጠረገው። ሌባ እንዲህ አይጠርግም።

መጮኽ ነበረባት። አልጮኸችም። ውስጧ ያለች አንዲት ሌላ ሴት፣ ይውሰደው፣ መስታወት ውስጥ ያስቀምጠው፣ ልጅቷም በዚሁ ወደ ቤቷ ትመለስ ትላት ነበር። ሰብሳቢው ጎማውን በጀርባው አሥሮ የራሱ ብስክሌት ላይ ወጣ። እሷ ትንፋሿን ይዛ ተጋድማ ቀረች።

ያኔ ገደሉ አጉረመረመ። ነፋስ ነው ብላ ነበር፤ ነገር ግን አሸዋው ላይ ያሉት ጠጠሮች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ከላይ በኩል የበሰበሰ ቅጠል ሽታ መጣ። ተራራው ላይ ትተውት የመጡት ደመና ያዘለውን ሁሉ ለቆት ነበር።

«ደራሽ ጎርፍ!» ብሎ ፖስተኛው ከእንቅልፉ ዘሎ ተነሣ።

ሰብሳቢውም ሰማ። ወደመጣበት ሊመለስ አይችልም፣ ውሃው በዚያ ነው። መሪውን ሲጠመዝዝ የፊት ጎማው በሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ ታጠፈና ከነሸክሙ ተፈነገለ። እግሩ ከጉልበቱ በታች የሰው እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። አያትየዋ መቼ እንደተነሣች፣ መቼ እንደሮጠች አታውቅም፤ ስትደርስ ጎማውን ከነማርሹ ከጀርባው ፈትታ ለፖስተኛው ወረወረችለት። ልጅቷ ከታች እየሮጠች መጣች፤ ምንም ሳትጠይቅ ጎማውን ቦታው ላይ ሰካች፣ ካቴናውን አጠለቀች፣ መፍቻውን አሽከረከረች። እጆቿ የባለጥርሱ እጆች ነበሩ።

ሰብሳቢው ግን አልተነሣም። በክርኑ እየተሳበ ወደ ታጠፈው የራሱ ብስክሌት ይሄድ ነበር፤ በዚያም የኋላ ጎማ ላይ የባለጥርሱ ክብ ሣጥን አለ። «ማርሼ... ጌታዬ በእጁ የዘጋው ነው፣ አልተውም» ይላል። ውሃው ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ቡናማ፣ ከሰው ቁመት የረዘመ፣ ዛፍ ከነሥሩ የተሸከመ ግድግዳ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች አያትየዋ በልቧ፤ የብስክሌቱን መሪ ከጣቶቹ አንድ በአንድ ፈለቀቀች።

«አንተ ልጅ፣ ስማኝ» አለችው። «ማርሹ ላንተ ተሠራ እንጂ አንተ ለማርሹ አልተሠራህም።»

ይህን ስትናገር የራሷ ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ ጆሮዋ ገባ። ደነገጠች።

ፖስተኛውና ልጅቷ ሰውየውን አንሥተው ባለ ሁለት ኮርቻው ብስክሌት ዕቃ መጫኛ ላይ አስቀመጡት፤ ወገቡን ከአያትየዋ ወገብ ጋር በገመድ አሠሩት። ፖስተኛው ከፊት እየጋለበ መንገድ መራ። ልጅቷና አያትየዋ ረገጡ። አሸዋው ይጎትታል፣ ጎማው ይሰምጣል፣ ከኋላ ገደሉ እየተፋጨ ይመጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይኼኛው አላሳሳቀም፣ እያገሣ መጣ። አቀበቱ ጋ ሲደርሱ ነፋሱና የጭቃው ርጭት ጀርባቸውን መታው።

አቀበቱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ዓለት፣ በሌላው ባዶ። ለመውረድና ለመግፋት ጊዜ የለም። ልጅቷ ማርሹን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አወረደችው፤ ሦስት ሰው በአንድ ጎማ እምብርት ላይ ተንጠለጠለ። አያትየዋ እንደለመደችው ደነገጠች፤ እንደለመደችውም ያለ ጊዜዋ ረገጠች፤ ረገጠች፣ ረገጠች። ያ ንዝረት በወገቧ፣ በገመዱ፣ በሰብሳቢው ሆድ አለፈ። ሰውየው ጩኸቱን አቆመ። ከበታቻቸው ውሃው ሸለቆውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ አለፈ፤ የቆሙበትን ጥላ፣ የተኙበትን አሸዋ፣ የሰብሳቢውን ብስክሌት ይዞ ሄደ።

ከላይ፣ ደረቁ ዓለት ላይ፣ ሁሉም ወደቁ። ሰብሳቢው ጎርፉን እያየ አለቀሰ። ፖስተኛው እግሩን በሁለት እንጨት እያሠረለት፣ «አይዞህ፣ የባለጥርሱ ማርሽ አይደለም? ከጎርፉ ቀድሞ ባሕር ይደርሳል» አለው። ሰውየው ሳያስበው በእንባው መሃል ሳቀ።

ጨው ሜዳው ከተራራውም ከጎርፉም ይብሳል፤ ምክንያቱም ምንም አይልህም። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ከጎማው ሥር እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል፤ ከሩቅ ሐይቅ ያሳይህና ስትቀርብ ይሰበስበዋል። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። አያትየዋ ከፊት ምን አለ ብላ አልጠየቀችም፤ እዚያ መጠየቅም ምራቅ ያስከፍላል። በመጨረሻ ከነጩ ላይ ጥቂት የጭቃ ቤቶችና አንድ የቆርቆሮ ዳስ ብቅ አሉ፤ ሐይቅ አልነበሩምና አልጠፉም።

ሰዎቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጓዛቸውን አሥረዋል። የፓምፑ ጠባቂ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ብስክሌቱን ስታይ በእጇ አፏን ያዘች። ዳሱ ውስጥ የተሰበረው ማርሽ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ከፈተችው። ከዚያ ወደ አያቷ አዘነበለችው። ውስጡ እንደ አጥንት ደረቅ ነው። የዘይት ጠብታ የለም።

«ማን ነው ዘይት የሚያደርግለት?» አለች ልጅቷ።

ጠባቂዋ ግራ ገባት። ማንም። ባለጥርሱ ያን ጊዜ ራሱ መጥቶ ሲገጥመው «አትክፈቱት» ብሏል፤ እናቷ ለእሷ ይህን አደራ ሰጥታ ሞተች፤ አንድም እጅ አልነካውም። ሰብሳቢው ከተኛበት ምንጣፍ ላይ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። እሱም የራሱን አንድ ቀን ከፍቶ አያውቅም ነበር፤ ማኅበርተኞቹም እንዲሁ። እንደ ታቦት ነበር የያዙት።

አያትየዋ በቁጣና በሳቅ መሃል ቆመች። ባሏ እኮ ይህን ለሁሉም ይል ነበር፤ የማያውቅ ሰው በመዶሻ እንዳይነካካው። ራሱ ግን የቤቱን ብስክሌት ማርሽ በየጊዜው ይከፍተው፣ ያጥበው፣ ዘይት ያጠጣው ነበር፤ እሷ ናት ጨርቁን የምታቀብለው። እና ያ ምስኪን ብረት ያለ ዘይት፣ ጨው እየበላው፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ መንደር ሲያጠጣ ኖረ። የተሰበረውን ጥርስ በጣቷ ዳበሰችው። ወፍራም ነው፣ ጫፉ ክብ። 

ልጅቷ መፍቻዋን ይዛ ብስክሌቱ አጠገብ ተንበርክካለች፤ አልጀመረችም። አያቷን ታያለች።

«እማማ?»

«ፍቺው።»

ጎማው ተፈታ፤ ማርሹ ከእምብርቱ ወጣ፤ ፓምፑ ላይ ገባ። ጠባቂዋ ኮርቻው ላይ ወጥታ ረገጠች። ለረጅም ጊዜ የወጣው አየር ብቻ ነበር፤ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ አስለ። ሰዎቹ ዳሱን ከበው ቆመዋል። ከዚያ ከሥር፣ ከመሬት ሆድ፣ አንድ ነገር ሲነሣ እግራቸው ሥር ተሰማቸው። ውሃው መጀመሪያ ቀይ ሆኖ መጣ፤ ቀጥሎ ነጭ፤ ቀጥሎ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ ክንድ ያህል ወፍሮ ወረደ። ማንም እልል አላለም። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። አያትየዋ የቀብሩን ዕለት ያን የጎማ ጉርምርምታ የሰማች መሰላት፤ ነገር ግን እዚህ የሚጉረመረም ጎማ አልነበረም፤ ውሃው ነው።

ጓዙ ተፈታ። በርሜሎቹ መሞላት አለባቸው፤ ሰው በየተራ እየረገጠ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፓምፑ አልቆመም።

በማግሥቱ ከሰዓት እንግዶቹ ጠባቂዋ ቤት ነበሩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ምንጣፍ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ጋ የኋላ ጎማ የሌለው ብስክሌት። ሰብሳቢው እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ የፓምፑን ማርሽ መቼ መቼ ዘይት እንደሚያጠጡ ጠባቂዋን ያስጠናታል፤ በየመሃሉ ፖስተኛው እያረመው ይጨቃጨቃሉ። ልጅቷ ስለመመለሻው እያሰበች ነበር፤ መንገዱ እስኪጠረግ መጠበቅ ነው ወይስ በእግር፣ ውሃ በምን ይያዛል፣ ለአያቷ ጉልበት ምን ይደረጋል። አያቷ በዚህ ጉዳይ የምትለው እንደማይጠፋ ታውቃለችና ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ጠበቀች።

ከውጭ አንዲት ሴት ድክም ባለ ድምፅ «ተረኛ!» አለች። የፔዳሉ ድምፅ ዝግ አለ። ጠባቂዋ ሌሊቱን ስትረግጥ አድራለችና ግድግዳውን ተደግፋ ለመነሣት ሞከረች።

አያትየዋ ሻሿን አጠበቀች። የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጎጠች። በሰዎቹ እግሮች መካከል እየተራመደች፣ በሩ ላይ ያለውን መጋረጃ በክንዷ ገለጥ አድርጋ፣ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ፓምፑ ወጣች።